ጉድ በሉልኝ! ቀርከሃ ጎርፉን ቻለው

ሰምታችሁት ከሆነ ይቅር በሉኝ። እኔ ገና አሁን ነው የደረስኩበት፤ ከደረስኩበት ወዲህ ደግሞ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ካላስረዳሁ አልለቅም እያልኩ ወዳጆቼን አሰልችቻለሁ። ነገሩ ቤት ነው። ከቀርከሃ፣ ከሰሌን፣ ከጭድ፣ ከጭቃና ከኖራ የሚሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስጠልል ቤት። እ.ኤ.አ. በ2023 ወጪው 25 ሺህ የፓኪስታን ሩፒ ገደማ ነበር፤ በዶላር ቢመነዘር መቶ አካባቢ። መቶ ዶላር! አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ገንዘብ ደህና በር እንኳ አይገጠምም።

ጎርፍ የቻለው እንግዲህ ይኼ ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ፓኪስታን ላይ የወረደውን ዝናብ ታስታውሱ ይሆናል። 33 ሚሊዮን ሕዝብ ተጎዳ፤ ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤት ፈረሰ ወይም ተሰነጣጠቀ። ክፉኛ የተመታው በደቡብ በኩል ያለው የሲንድ ክፍለ ሀገር ነበር። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውኃው መውጫ አጥቶ ለወራት ተኛበት። ሲንድ ውስጥ ፖኖ የምትባል መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿ የቀርከሃና የኖራ ቤቶቹን ከጎርፉ በፊት ሠርተው ገብተውባቸው ነበር። ዝናቡ ወረደ፤ ውኃው መጣ፤ ቤቶቹ ግን ቆመው ቀሩ። የጎረቤት መንደር ሰው ዕቃውን ተሸክሞ አስፋልት ዳር ሲሰፍር፣ እነዚህ «የደሃ ጎጆ» ተብለው የተናቁ ቤቶች ሰው ማሳደራቸውን ቀጠሉ። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ ብቻዬን ብሆንም አጨበጨብኩ።

የቤቱ እናት ያስሚን ላሪ ይባላሉ። ተአምሩ ግማሹ ቤቱ ነው፤ ግማሹ እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ያስሚን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ሥነ ሕንፃ ተምረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ካራቺ ተመለሱና የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፤ የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ያኔ ታዲያ ጭቃና ቀርከሃ ወዴት! የካራቺን የፋይናንስና የንግድ ማዕከል፣ የፓኪስታን ስቴት ኦይልን ዋና መሥሪያ ቤት የመሰሉ ግዙፍ ሕንፃዎች የነደፉ የአርማታና የመስታወት ሰው ነበሩ። ደንበኞቻቸው ባንኮች፣ ኩባንያዎችና መንግሥት ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ገና ያኔ አስተምሯቸው ነበር። በ1970ዎቹ ላሆር ከተማ ውስጥ አንጉሪ ባግ የሚባል የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ሰፈር ሲነድፉ፣ ሊገቡበት የተዘጋጁትን ሴቶች አነጋገሩ። ሴቶቹ ስለ ፊት ገጽታው ውበት ምንም አላሉም። «ዶሮዎቻችንን የት እናኑራቸው?» ነበር ጥያቄያቸው። ኦክስፎርድ ይህን የሚመልስ ትምህርት አልሰጠም። ላሪ ንድፋቸውን ይዘው ተመለሱና ለየቤቱ ገላጣ ሰገነት ጨመሩ፤ ዶሮውም ይጭርበታል፣ ልጁም ይጫወትበታል፣ ቃሪያና ቅጠላቅጠሉም ይተከልበታል። እኔ በበኩሌ ከሚያማምሩት ማማዎቻቸው ሁሉ ይህን የዶሮ ሰገነት አስበልጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቢሮአቸውን ዘጉ። ከባለቤታቸው ጋር በ1980 ያቋቋሙት የፓኪስታን ቅርስ ፋውንዴሽን ነበረና፣ መጽሐፍ እየጻፉ፣ የቆዩ ሕንፃዎችን እየጠገኑ ሊያርፉ አሰቡ። አላረፉም። ጥቅምት 8 ቀን 2005 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ካሽሚርና የሰሜን ፓኪስታን ተራሮች በ7.6 መጠን ርዕደ መሬት ተናወጡ። በፓኪስታን ብቻ ከ73 ሺህ ሰው በላይ አለቀ፤ ተማሪዎች ከነመምህራቸው የአርማታ ጣራ ወደቀባቸው። ክረምቱ ደግሞ በር ላይ ነበር፤ ያ አገር በረዶ ይጥልበታል።

የስድሳ አራት ዓመቷ ሴት ካራቺ ቁጭ ብለው አላዘኑም። የሲራን ሸለቆ ወደሚባለው ተራራማ አካባቢ ወጡ። እዚያ ሲደርሱ ዕርዳታ ሰጪው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው፤ ያን ሁሉ ጭነት በተናደ መንገድ እንዴት እናውጣው እያለ ይጨነቃል። ላሪ ያዩት ሌላ ነገር ነበር። ፍርስራሹን አዩ። የወደቀው ቤት ድንጋዩም እንጨቱም እዚያው ተከምሮ ነበር። ደግሞም በዚያ አገር «ዳጂ» የሚሉት የድሮ አሠራር አለ፤ እንጨት በቋሚም በአግድምም በሰያፍም ይታሰርና መሀሉ በድንጋይና በጭቃ ይሞላል። የኛ ሰው ቢያየው «ማገር ነዋ!» ማለቱ አይቀርም። በርዕደ መሬቱ ብዙ የአርማታ ቤት እንዳልነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ተነቃንቀው ተነቃንቀው ቆመዋል። ላሪም ያንን ድንጋይና እንጨት በኖራ እያያያዙ፣ ባለቤቱን ራሱን አናጺ እያደረጉ ቤት ማቆም ጀመሩ። በአብዛኛው ለባለሀብት ሲነድፉ የኖሩ ሰው፣ ተራራ ላይ ወጥተው ከገበሬ ጋር ጭቃ ረገጡ!

ቀርከሃው የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢንደስ ወንዝ ሞልቶ የአገሪቱን አንድ አምስተኛ አጥለቀለቀ፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጎዳ። የሲንድ ሜዳ ላይ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንጨትም ብርቅ ነው፤ ተራው ጭቃ ቤት ደግሞ ውኃ ሲቆምበት ይሟሟል። ምን ይበጃል? ሣር ይበጃል። ቀርከሃ ዛፍ ሳይሆን ሣር ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ስለ ቀርከሃ ካላወራሁ አይሆንልኝም። አንድ ደረቅ የቀርከሃ ግንድ በስለታም መጋዝ አግድም ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ጠቆር ያሉ ነጥቦች ታያላችሁ። እያንዳንዱ ነጥብ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ የጭረት እሽግ ነው፤ ገመድ ማለት ነው። አሁን አቀማመጣቸውን አስተውሉ፤ ወደ ውስጠኛው ባዶ በኩል ዘርዘር ይላሉ፣ ወደ ልጡ ሲቀርቡ ግን እየተጠጋጉ መርፌ አያስገቡም። ነፋስ አንድን ግንድ ሲያጎብጠው ከፍተኛው መሳሳብ የሚያርፈው ውጪኛው ልጥ ላይ ነው። ተክሉ ይህን ያለ መሐንዲስ አውቆታል! ጥንካሬውን የሚፈለግበት ቦታ አከማችቶ መሀሉን ባዶ ተወው፤ ስለዚህ ጠንካራም ቀላልም ሆነ። ቀላል መሆኑ ደግሞ ርዕደ መሬት ባለበት አገር ነፍስ ያድናል፤ ሲናወጥ የሚስበው ክብደት ያንሳል፣ ቢወድቅ እንኳ እንደ አርማታ ጨፍልቆ አይገድልም።

ጠላት የለውም ማለቴ አይደለም። ነቀዝ በውስጡ ያለውን ስታርች ይወዳል። ለዚህም መላው የታወቀ ነው፤ ወይ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ስታርቹን ማስለቀቅ ነው፣ ወይ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ መንከር። ሳይታከም ቶሎ ቶሎ የተተከለ ቀርከሃ በጥቂት ዓመት ዱቄት ይሆናል። ቀርከሃ ስሙ የጠፋው በአብዛኛው ባልታከመ ቀርከሃ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። «ላሪ ኦክታግሪን» ይሉታል። በመንደር ዎርክሾፕ ውስጥ መሬት ላይ ተዘርግቶ ስምንት የቀርከሃ ፓነል ይሠራል። እያንዳንዱ አራት ጎን አለው፣ በውስጡም ሰያፍ ማጠናከሪያ ይገባል፤ ያ ሰያፍ ነው ከነፋስና ከነውጥ የሚያድነው። ፓነሎቹ ሲያልቁ ወደ ቦታው ይወሰዳሉ፣ ከፍ ተደርጎ በተደለደለ መደብ ላይ በክብ ይቆማሉ፣ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ከላይ እንደ ጃንጥላ አጥንት ወደ አንድ ጫፍ የሚሰበሰብ ጣራ ይጫንባቸዋል። አጽሙን ማቆም የሰዓታት ሥራ ነው። የሰዓታት! ስምንት ማዕዘን የሆነው ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ክብ ነገር ኃይልን አንድ ማዕዘን ላይ አያከማችም፣ ሁሉም ፓነል ይካፈለዋል። ካራቺ የሚገኘው ኤንኢዲ ዩኒቨርሲቲ የዚህን የቀርከሃ አሠራር በነውጥ መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነቅንቆታል፤ በ1995 የጃፓኗን ኮቤን ካፈረሰው የሚበልጥ ነውጥ ቻለ።

አጽሙ ከቆመ በኋላ ሰሌን ይለብሳል፤ በሰሌኑ ላይ ምርጊት ይመጣል። ምርጊቱ ጭቃና ጭድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ምስጢሩ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ሕያው ኖራ ይሆናል። ያን ባልዲ ውኃ ውስጥ ስትጨምሩት ያለ እሳት ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ይተናል፤ ዓይንን ከእንፋሎቱ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ይረጋና ቅቤ የመሰለ ነጭ ቡኮ ይሆናል። ይህን ከጭቃው ጋር ስታቦኩት ሸክላውን ያያይዘዋል፤ ውኃ ሲቆምበት እንደ ተራ ጭቃ አይሟሟም። ግድግዳው ላይ ከተመረገ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ሲቃጠል የለቀቀውን ጥቂት በጥቂት ይመልሳል ማለት ነው። በአንጻሩ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 8 ከመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ላሪ በሲሚንቶ ላይ ያላቸው ጥላቻ አንዳንዴ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ሁሉም ነገር በቀርከሃ አይሠራም። ለአንዲት ክፍል ግን አፋቸውን ሞልተው ቢናገሩ እውነት አላቸው።

ሰዎች ከአርክቴክቱ ሺገሩ ባን ጋር ሊያወዳድሯቸው ይወዳሉ። ጃፓናዊው ከኮቤ ርዕደ መሬት በኋላ ከወረቀት ቱቦ ቤት ሠርተው፣ መሠረቱንም አሸዋ በተሞላ የቢራ ሣጥን አቁመው ዓለምን አስደምመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት ወስደዋል። ይገባቸዋል። ነገር ግን የወረቀት ቱቦ ፋብሪካ ይፈልጋል። ቀርከሃ የሚፈልገው ዝናብ ነው። በዚህ ላይ ላሪ ይበልጡብኛል።

ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ከ2022ቱ ጎርፍ በኋላ የሲንድ መንግሥት ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ለእያንዳንዱ ቤት 300 ሺህ ሩፒ ለመስጠት ተነሣ፤ የሚገነባው 2.1 ሚሊዮን ቤት ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ አልንቀውም። የላሪ ቤት ግን አሥራ ሁለት እጥፍ ይረክሳል፤ እሳቸውም በዚህ ስሌት አንድ ሚሊዮን ቤት የሚል ግብ አስቀመጡ። ድንኳን ሊረክስ ይችላል የሚል ካለ፣ ደህና የቤተሰብ ድንኳን ከዚህ ይወደዳል፤ ፀሐይ ከመታው ደግሞ ዓመት ቢቆይ ነው።

እንዴት ረከሰ? ሠራተኛው ባለቤቱ ስለሆነ። ላሪ ቤት አይሰጡም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ጨካኝ መስለውኝ ነበር፤ ቀጥዬ ስረዳው ግን ሐሳቡ በሙሉ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሲንድ ውስጥ፣ ታታ ከተማ አጠገብ ማክሊ የሚባል ሰፊ ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ አለ፤ ዩኔስኮ በ1981 በቅርስነት መዝግቦታል። ላሪ እዚያ አካባቢ ትልቅ የቀርከሃ ማሠልጠኛ አቁመዋል። አንዱ መንደር ፓነል ይማራል፣ ሌላው የኖራ ቡኮ፣ ሌላው ሰሌን። ከዚያ እርስ በርስ ይሸጣሉ። የተማረው ሰው ሌላውን ያስተምራል፤ አሠራሩም በዩቲዩብ በነጻ ተለቅቋል። በመቃብሩ አካባቢ በልመና ይተዳደሩ ከነበሩ ቤተሰቦች መካከል የሸክላ ንጣፍ መሥራት የተማሩ አሉ፤ የእነሱ እጅ ሥራ ዛሬ ካራቺ መሀል፣ ዴንሶ በሚባለው አዳራሽ ጎን ባለው የእግረኞች መንገድ ላይ ተነጥፏል። የከተማው ሰው በዚያ ላይ ይመላለሳል።

የላሪን ምድጃስ ልተወው? አልችልም። በጎርፍ ጊዜ ሴቶች የሚያበስሉት እርጥብ መሬት ላይ፣ ጭስ እየዋጡ ነው። ላሪና የመንደሩ ሴቶች ከጭቃና ከኖራ ጭስ ማውጫ ያለው ድርብ ምድጃ ሠሩ፤ የሠሩትም ከፍ ባለ መደብ ላይ ነው። ውኃ ቢመጣ አይደርስበትም፤ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ሴቶቹ ደግሞ ዝም ብለው አልተቀበሉትም፤ ምርጊቱ ሳይደርቅ በጣታቸው አበባና ወፍ ይስሉበታል፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይፎካከርበታል። ፎቶውን አይቼ የአገሬ ሴቶች መደብ ሲለቀልቁ ትዝ አለኝ። በመደቡ ላይ ቁጭ ሲባል ደግሞ ወገብ አይታጠፍም፤ ሴትየዋ ከፍ ብላ ተቀምጣ እንግዳ ትቀበላለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሠርተዋል፤ ምድጃው እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ሃቢታት ሽልማት አገኘ። ላሪ ራሳቸው በ2023 የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። ሜዳልያው ከ1848 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ከታላላቆቹ የአርማታ ጌቶች ብዙዎቹ ወስደውታል።

ቅሬታ አለ፤ ቶሎ ልጨርሰው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ምርጊቱ በየጊዜው መታደስ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሰው ጡብ ይመኛል፤ እዚያ አገር የጡብና የሲሚንቶ ቤት «ፐካ» ይባላል፣ የቀናው ሰው ቤት ነው፤ እኛም ጋ ብሎኬት የሠራ ጎረቤት ጭቃ ቤት ያለውን ቁልቁል ያየዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ንግግር አይመስለኝም። ፖኖ የቆመችው በንግግር አይደለም።

እኛ ጋስ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። የደጋው ቀርከሃ እንጅባራ፣ ሲዳማ፣ ጨንቻ፣ ማሻ ላይ ሞልቷል፤ የቆላው ሽመል ደግሞ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ በሰፊው ይበቅላል። ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ ሸምነው ያቆማሉ፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ እየወረደ ለአሥርት ዓመታት ይኖሩበታል፤ ካሰኛቸውም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ተሸክሞ! ፋሲለደስ ቤተ መንግሥቱን ጎንደር ላይ ያቆመው በኖራ ነው። ጭቃ ከጭድ ማቡካት፣ ማገር መምታት፣ ምርጊት፣ ደቦ፤ ከእነዚህ የማናውቀው የለም። ኖራማ በየእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ይወራል፤ አሲዳማ መሬት ላይ እየተበተነ ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው፤ ለማሳ የሚበተነው በአብዛኛው የተፈጨ፣ ያልተቃጠለ ድንጋይ ነው፤ ለምርጊት የሚሆነው መቃጠል አለበት።

በኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ብዙው ሸራ ሥር አረፈ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የላሪ ፓነል ለዚያ ሙቀትና ለዚያ ነፋስ ይሆናል ብዬ አልምልም። አንድ የሲቪል ምህንድስና መምህር ይህን ካነበቡ ግን ርዕስ ለጠፋበት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ይስጡልኝ፤ ስምንቱን ፓነል በአሶሳ ሽመል ይሥራና ጠረጴዛ ላይ ይነቅንቀው። ሽመል ውስጡ ድፍን ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ታዲያ መገጣጠሚያው ላይ ሲበሳ ከክፍቱ ቀርከሃ ይሻላል ወይስ ይከፋል? ይህን አንድ መልስ ብቻ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ ቡና እጋብዘዋለሁ፤ ምሳም ጨምሬ።